እህቴ ሦስት ቦታ ሦስት ስም ተሰጣት፣ የቱን ልመን?

የአዘዞ ልጅ (ማክሰኞ ማታ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ። አሳጥሬ ብጽፈው ግን አይገባችሁም።

ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሆደ ባሻ ናት። አንድ ክፉ ቃል ከሰማች ሁለት ቀን ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች። ጓደኛ ስትይዝ ነፍሷን ነው የምትሰጠው፣ ወር ሳይሞላ ደግሞ የዚያችን ልጅ ስም እዚህ ቤት እንዳትጠሩብኝ ትላለች። ሁለት ጊዜ ሥራ ጥላ ወጥታለች፣ አንዱን እንዲያውም ደሞዝ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው። አምና ከእጮኛዋ ጋር ሲለያዩ ራሷን ጎዳች። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም። ያኔ ነው ሕክምና የጀመርነው።

መጀመሪያ የታየችበት ቦታ «ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር» ተብሎ ተጻፈላት። ቤት ገብቼ ጉግል ሳደርግ አደርኩ። ግማሹ እሷን ራሷን ነው፣ ግማሹ ጭራሽ እሷን አይመስልም። ኋላ ለሥራ አዲስ አበባ ከርማ ስለነበር እዚያ ያያት ሐኪም «አይ፣ ይሄ ቅይጥ ነው፣ የሁለት የሦስቱ ምልክት አለባት» አላት። አሁን ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ እዚሁ ጎንደር ያየቻት ወጣት ሐኪም ሁለቱንም ትታ «የስብዕና መዛባት፣ መካከለኛ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለት ባሕርይ ጨመረች። አንዱ ስሜቷ ቶሎ እንደሚጎዳ፣ ሁለተኛው ሳታስብ እንደምትቸኩል። «ስሙ ማነው ታዲያ?» ብላት «አሁን በስም ሳይሆን በልክ ነው የምንጽፈው» አለችኝ። ወረፋው እስከ ደጅ ደርሶ ስለነበር ከዚያ በላይ መጠየቅ አፈርኩ።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ «አመሏ ነው፣ አመል ያወጣል ከመሐል፣ ሐኪም ምን ያደርግላታል» ብላ ዘጋችው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። አለባት ወይስ የለባትም? ሦስት ሐኪም ሦስት ነገር ካለ ቢያንስ ሁለቱ ተሳስተዋል ማለት አይደለም ወይ? አባቴ ስኳር አለበት። የትም ብንወስደው ስኳር ነው የሚሉት፣ ስሙ አይቀያየርም።


የቁስቋም እናት (ማክሰኞ ማታ 3፡41)

ልጄ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ስለ ስሙ አላውቅም። ጠበል ውሰጃት፣ መድኃኒት ካላትም አታስቋርጫት። ሁለቱንም ነው ያልኩት፣ ኋላ እዚህ ያላችሁ ልጆች እንዳትሳደቡ።


ማራኪ ግቢ (ማክሰኞ ማታ 4፡05)

ሰላም እህት። የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ይሄን ኮርስ የጨረስነው ባለፈው ሴሚስተር ስለሆነ ገና ትኩስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካኖቹ ዲኤስኤም የሚባል የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ አላቸው። በእሱ መሠረት የስብዕና መዛባት 10 ዓይነት ነው፣ በሦስት ጎራ ተከፍሎ። ቦርደርላይን አንዱ ነው። 9 ምልክት አለው፣ 5 ካሟላች አለባት፣ 4 ከሆነ የለባትም። በቃ። የመጀመሪያው ሐኪም ቆጥሮ 5 አገኘ፣ ሁለተኛው ምናልባት 4 ብቻ አገኘና ከሌላው ጋር ቀየጠው። ሦስተኛዋ ግን ምን እንደቆጠረች አልገባኝም። «መካከለኛ» ማለት ለቤተሰብ ምን ይነግራል?

በዚያ ላይ ይሄ ዳይሜንሽናል የሚባለው፣ በስም ሳይሆን በልክ የሚለካው አካሄድ፣ እዚያው አሜሪካ ለአዲሱ ዲኤስኤም ቀርቦ ወድቋል። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2012 የሳይካትሪ ማኅበሩ ቦርድ አልቀበልም ብሎ የድሮውን 10 ዓይነት አስቀጠለ። ረቂቁን ከሚያዘጋጀው ቡድን ውስጥ እንኳን ላይቭስሊ እና ፌርሁል የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እዚያው ዓመት ጥለው ወጥተዋል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እይዝ ነበር፣ ቢያንስ ስም አለው።


ቸቸላ ነርስ (ማክሰኞ ሌሊት 6፡30)

እህቴ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ዋርዱ ጸጥ ስላለ ትንሽ ልጻፍልሽ። እህትሽን አላየኋትም፣ ስለ እሷ አልፈርድም። ስለ ስሙ ግን ልናገር።

ከአባትሽ እንጀምር። ስኳር አይቀያየርም አልሽ። ጠዋት ሳይበላ የተለካ ሰው 126 ከሆነ ስኳር አለብህ ይባላል፣ 125 ከሆነ ገና ነህ ተጠንቀቅ ይባላል። በ125 እና በ126 መካከል ደሙ ውስጥ ምን ተፈጠረ? ምንም። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ናቸው። በፈረንጆቹ እስከ 1997 ድረስ ደግሞ መስመሩ 140 ላይ ነበር፣ ስለዚህ 130 ይዞ ጤነኛ ነኝ ብሎ የተኛ ሰው መስመሩ ዝቅ ሲል ታማሚ ሆኖ ተነሳ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። አባትሽ ካርድ ላይ «ስኳር» የሚለው ቃል ብቻ አይደለም የተጻፈው፣ ቁጥሩም አለ። 130 ያለውና 400 ያለው ሰው እኩል አይታዩም። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየውም ቁጥሩን ነው።

የስብዕና መዛባት ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ቁጥሩ ተጥሎ ስሙ ብቻ ነበር የሚጻፈው። ሦስተኛዋ ሐኪም የጻፈችልሽ ቁጥሩን ነው።

ማራኪ፣ ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ቦርዱ በ2012 የድሮውን አስቀጠለ፣ አዎ። አዲሱን ግን አልጣለውም፣ በ2013 በወጣው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አማራጭ ብሎ አተመው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ አንዱ ሳሎን አንዱ ጓዳ። ላይቭስሊም ቢሆን የወጣው በልክ ይለካ የሚለውን ጠልቶ አይደለም፣ እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የዚያ ሰው ነው። ረቂቁ የተምታታ ነው፣ ከማስረጃውም ጋር አይሄድም ብሎ ነው። ኮርሱ ላይ ይህን ካልነገሩህ አንተ ንገራቸው።

ያቺ ወጣት ሐኪም ግን የተከተለችው የአሜሪካኖቹን አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትን የበሽታዎች መዝገብ ነው፣ አይሲዲ 11ን። በ2019 ሜይ ላይ በዓለም ጤና ጉባኤ ጸደቀ፣ ከ2022 ጃንዋሪ ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል ተባለ። እነሱ ደፍረው የድሮውን የዓይነት ዝርዝር በሙሉ አነሱት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ዓይነት ነው ሳይሆን ምን ያህል ከብዷል ነው። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ከቀላልም በታች ደግሞ በሽታ የማይባል ግን ሰውየውን አልፎ አልፎ የሚያስቸግር የስብዕና ችግር የሚባል አለ። እናትሽ «አመል» የምትለው አብዛኛው እዚያ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ እሷም ከመስመሩ ውጭ አይደለችም፣ ልኩ ላይ ብቻ ነው የማትስማሙት።

እህትሽ ጋ «መካከለኛ» ሲባል ትንሽ ታማለች ማለት አይደለም። ችግሩ በብዙ የሕይወቷ ክፍል ይታያል ማለት ነው፣ በሥራም፣ በጓደኝነትም፣ በፍቅርም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን አሁንም ትሠራለች። ራስን መጉዳትም እዚህ ደረጃ ላይ አንዳንዴ ይኖራል። ከባድ ቢሆን ኖሮ ያልተነካ ነገር ከሞላ ጎደል አይቀራትም ነበር።

ስለ ባሕርዩ ደግሞ አምስት ናቸው። ፈረንጅኛውን ትቼ በእኛ ቋንቋ ልበላቸው። ሆደ ባሻነት፣ ማለት ሐዘኑም ንዴቱም ፍርሃቱም ቶሎ የሚመጣና ቶሎ የማይሄድ። ከሰው መሸሽ። ለሌላ ሰው ደንታ ማጣት። ሳያስቡ መቸኮል። ግትርነት፣ ሁሉ ነገር እኔ ባልኩት ልክ ካልሆነ የሚል። አሜሪካኖቹ በአማራጩ ውስጥ አራቱን ከሞላ ጎደል ይዘው አምስተኛው ላይ ግትርነትን አንሥተው እንግዳ አስተሳሰብን አስገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ያንን ከስኪዞፍሬንያ ጎራ ስለሚያስቀምጠው እዚህ አላስፈለገውም። እንግዲህ እነዚህ አምስቱ እኔም ጋ አሉ፣ አንቺም ጋ አሉ፣ በልክ በልኩ። ማንም ሰው ባዶ አይደለም።

ቡና ላምጣ፣ እመለሳለሁ።


ቸቸላ ነርስ (ማክሰኞ ሌሊት 7፡10)

ተመለስኩ። አንድ ታማሚ ውኃ ፈልጎ ነው።

ማራኪ፣ «5 ካሟላች አለባት፣ 4 ከሆነ የለባትም» ያልከውን ላስጨርስህ። ከ9 ምልክት 5ና ከዚያ በላይ የሚሟላበት መንገድ ስንት ነው? 256። ሒሳብ የሚችል ባልደረባዬ ወረቀት ላይ ደምሮ አሳይቶኛል፣ አንተም ሞክረው። 256 ዓይነት ሰው አንድ ስም ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለት ሰው አንድ ምልክት ብቻ ተጋርተው ሁለቱም ቦርደርላይን ሊባሉ ይችላሉ። ከ10ሩ ግትሩ የሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ ከ8 ውስጥ 4 ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ ሁለት ሰው አንድም ሳይጋሩ አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል። እህቴ፣ ጉግል ላይ ግማሹ እሷን አይመስልም ያልሽው ከዚህ የመጣ ነው። ያነበብሽው የሌላውን ሰው ግማሽ ነው።

«ቅይጥ» የተባለውም የዚሁ ልጅ ነው። ሳጥኑ 10 ሲሆን የሰው ልጅ በ10 ሳጥን አይገባም። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳጥን ይሞላል፣ ሌላው በየሳጥኑ ትንሽ ትንሽ አለውና የትም አይገባም። ስለዚህ «ቅይጥ» ወይም «ያልተለየ» የሚለው ሥራ ላይ በብዛት ከሚጻፉት ስሞች አንዱ ሆኖ ኖረ። አብዛኛው ሰው «ሌሎች» የሚለው ውስጥ የሚገባበት ዝርዝር ምኑ ዝርዝር ነው?

እኔ የማስበው በአገራችን መንገድ ነው። ከደባርቅ ተነሥተህ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ አድርገህ ጎንደር ግባ፣ ከዚያ በአዘዞ በአይከል አድርገህ መተማ ውረድ። ደባርቅ ጋቢህን ደርበህ ነው የምትሳፈረው፣ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ጃኬት ይበቃሃል፣ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ሸሚዝህንም ታወልቃለህ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ግን መኪናው ውስጥ ሆነህ «አሁን ደጋው አለቀ» የምትልበት ድንጋይ የትኛው ነው? የለም። ትምህርት ቤት ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ብለው አስተምረውናል፣ 2,299 ላይ ያለችው ጎጆና 2,301 ላይ ያለችው ጎጆ ግን እሳት ይዋዋሳሉ።


ማራኪ ግቢ (ረቡዕ ጠዋት 2፡15)

እሺ፣ ስኳሩ ላይ ተሸነፍኩ። 256ቱንም ቆጠርኩት፣ ልክ ነው።

ግን በራስህ ምሳሌ ልያዝህ። ገበሬው ደጋና ቆላ የሚለውን ስም ለምን ያዘ? የሚዘራውን ለማወቅ ነዋ! ደባርቅ ገብስ፣ መተማ ሰሊጥ። «1,873 ሜትር» ብትለው ምን ይጠቅመዋል? ቦርደርላይንም እንዲሁ ነው። ማርሻ ሊንሃን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዲቢቲ የሚባለውን የንግግር ሕክምና ፈትና ያሳየችው ራሳቸውን በሚጎዱና ያ ስም ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ጥናቱ ሁሉ በስሙ ነው የተሠራው። ስሙን ብታነሳው «መካከለኛ፣ ሆደ ባሻ፣ ችኩል» ለሚለው ሰው የትኛው ሕክምና እንደሚሠራ በምን ታውቃለህ? ቤተሰብስ ምን ብሎ ይፈልጋል? በዚያ ላይ የአሜሪካኖቹ የባሕርይ መጠይቅ 220 ጥያቄ ነው። 220! ያ ሁሉ ወረፋ እያለ ማን ቁጭ ብሎ ይሞላዋል?


ቸቸላ ነርስ (ረቡዕ ጠዋት 2፡50)

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንተ ብቻም አይደለህም የጠየቅከው። አይሲዲ 11 ሲረቀቅ ቦርደርላይን ጨርሶ ሊጠፋ ነበር። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፣ ታማሚዎቻችን የለመዱትን ሕክምና ሊያጡ ነው ብለው ጮኹ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ከደረጃውና ከአምስቱ ባሕርያት ጋር «የቦርደርላይን መልክ ያለው» ብሎ መጨመር ይቻላል ተባለ። በር ዘግተው በመስኮት አስገቡት ማለት ነው። ለንጹሕ ሳይንስ አያምርም፣ ለሥራ ግን ይጠቅማል። ስለዚህ የእህትሽ ሐኪም ፈልጋ ብትጨምረው መጨመር ትችላለች፣ እህቴ፣ ጠይቂያት።

220ው ላይ ምንም አልከራከርህም። ለዕለት ሥራ ያንን አያስፈልግህም፣ ደረጃውን ለማወቅ ጥሩ ጥያቄ መጠየቅና ጊዜ ወስዶ መስማት ነው። ጊዜው የለም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ተረኛነቴ አለቀ፣ ልተኛ።


አንገረብ ማዶ (ረቡዕ ቀን 7፡30)

ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፣ አነባለሁ ብቻ። ይሄን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ወንድ ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። ከ9 ዓመት በፊት ቦርደርላይን ተባልኩ። የመጀመሪያ ቀን ስሙን ስሰማ፣ ታምናላችሁ፣ እፎይ ነው ያልኩት። ዕብድ አይደለሁም፣ ክፉ ሰውም አይደለሁም፣ ስም ያለው ነገር ነው፣ ሌላም ሰው አለ አልኩ። ያ ደስታ ግን ዓመት አልቆየም። አንዴ ስሙ ካርዴ ላይ ከተጻፈ በኋላ ሆዴን አሞኝ እንኳን ስሄድ (ጨጓራ ነው፣ ጎንደሬ ሁሉ ጨጓራ አለበት) ካርዱን ያየው ሰው ፊቱ ሲቀየር አየዋለሁ። ከእኔ ቀድሞ ስሙ ይገባል። አንድ ጊዜ ደግሞ «ይሄ የሴቶች በሽታ አይደለም እንዴ» ተብያለሁ፣ በባለሙያ።

አሁን የምለው ግን ሌላ ነው። አሁን ምልክቱን ብትቆጥሩልኝ 3 ነው ያለኝ። ራሴን መጉዳት ካቆምኩ 6 ዓመት አለፈኝ፣ እንደዱሮው አልፈነዳም። በማራኪ ሒሳብ ድኛለሁ፣ ወረቀቱ ላይ የለብኝም። ግን ሥራ ላይ አልቆይም። አለቃዬ ትንሽ ድምፁን ከፍ ካደረገ ሳምንቱን ሙሉ ውስጤ ይበጠበጣል፣ ትዳር የሚባለውን ነገር ሳስበው ያልበኛል። ስለዚህ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ይሄው የእህትሽ ጥያቄ ነው። ለእኔ «ከከባድ ወደ ቀላል ወርደሃል» ያለኝ ሰው ነው እውነቱን የነገረኝ። ሁለቱንም አየልኝ፣ የመጣሁትንም የቀረኝንም።

ግን አዲሱም ያስፈራኛል፣ አልዋሽም። «ከባድ» የሚለው ቃልም እኮ ስም ነው። ነገ ደግሞ «ከባዱ መጣ» ይሉናል።


ቸቸላ ነርስ (ረቡዕ ማታ 12፡40)

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ያልከው አንተ ጋ ብቻ የሆነ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ታማሚዎችን ለ10 ዓመትና ከዚያም በላይ የተከታተሉ ጥናቶች አሉ። ቦርደርላይን ከተባሉት ውስጥ አብዛኛዎቹ በ10 ዓመት ውስጥ መስፈርቱን ማሟላት ያቆማሉ። ይሄ የምሥራች ነው፣ ዱሮ «የማይድን» ይባል ስለነበር። ሥራቸውና ማኅበራዊ ኑሯቸው ግን በዚያው ልክ አልተስተካከለም። ቆጠራው ሲወርድ ኑሮው ወደ ኋላ ይቀራል። ልክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ቆጠራ ብቻ ከሆነ አንተን «ሄደህ ኑር» ብለን እንሸኝሃለን።

የቃሉ ነገር ግን ልክ ነህ። ካርድ የሚያየው ሰው ካልተቀየረ ካርዱ ላይ ያለው ቃል ቢቀየር ለውጡ ትንሽ ነው።


የአዘዞ ልጅ (ረቡዕ ማታ 2፡05)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንገረብ ማዶ፣ ወንድም ዓለም፣ የጻፍከውን ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሐኪሟ ደረጃውን ለማውጣት ብዙ ስለ «ራስ» ጠይቃት ነበር። ራስሽን እንዴት ታዪዋለሽ፣ በሕይወትሽ ወዴት መሄድ ነው የምትፈልጊ፣ ውሳኔ ስትወስኚ ማንን ትሰሚያለሽ። እህቴ ደግሞ «እናቴን» አለች። «በ26 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች» ተብሎ ተጽፏል። እኔ 31 ነኝ፣ እኔም ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው! ሳላገባ ወጥቼ ብከራይ ሰፈሩ ምን ይለኛል? ይሄ ምልክት ነው እንዴ?


ቸቸላ ነርስ (ረቡዕ ማታ 2፡30)

አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ከእናት ጋር መኖርሽ አዘዞ ውስጥ ወግ ነው፣ ኦስሎ ቢሆን ሌላ ጥያቄ ያስነሣ ይሆናል። መመሪያው ራሱ በባህል የሚገለጽን ነገር እንደ መዛባት እንዳትቆጥሩ ይላል። ጥያቄው ከማን ጋር ትኖራለች አይደለም፣ እናቷን ስትሰማ የራሷ የሆነ ሐሳብ ኖሯት ነው ወይስ ውስጧ ባዶ ሆኖ ነው የሚለው ነው። ሁለቱ ከውጭ አንድ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፣ በልክ የሚለካው አካሄድ አደጋው ይሄ ነው። ሳጥን ሲሆን ቢያንስ ዝርዝሩ ተጽፏል። ልክ ሲሆን ግን የሚለካው ሰው የራሱን ክንድ ይዞ ነው የሚለካው። አንዱ ባልደረባችን ከሌላ አገር መጥቶ ሲያስተምረን፣ ታማሚው በቀጥታ አይናገርም፣ ነገር ይጠመዝዛል፣ የሰውን ቃል ከኋላው ሌላ ትርጉም አለው ብሎ ያስባል፣ ጠርጣራነት ነው አለ። እኛ ተያየን። ሰውዬው ቅኔ ያስቆጠሩት የደብተራ ልጅ ነው! ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው ከቃል ኋላ ቃል ቢፈልግ ምን ይገርማል? በዚያ ሚዛን ከሄድን ግማሽ ጎንደር ዋርድ ይገባል።

ስለዚህ ቀጠሯችሁ ሲደርስ አንቺም አብረሻት ግቢ፣ ፈቃደኛ ከሆነች። ሰፈሩ ምን እንደሚጠብቅ፣ ከእኩዮቿ ጋር ስትተያይ ምን እንደሚለያት ለሐኪሟ ንገሪያት። «ከእናቷ ጋር ትኖራለች» ሳይሆን «እኩዮቿ የሚችሉትን ይህንን ይህንን አትችልም» የሚለው ነው የሚጠቅማት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር መሆን አለበት። እህትሽ መሞት የሚል ወሬ ካነሣች ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃት።


የቁስቋም እናት (ረቡዕ ማታ 2፡52)

እንግዲያ እንደ ጤፍ ነው በሉኛ። ገበያ ስንወጣ ነጭ ነው ጥቁር ነው እያልን እንከራከራለን እንጂ የሚበዛው ሠርገኛ ነው። ሠርገኛውም ቢሆን አንዱ ወደ ነጭ ያደላል አንዱ ወደ ጥቁር። እጃችን ላይ ዘግነን አይተን ነው የምንገዛ፣ ስሙን ሰምተን አይደለም። ይሄን ለማለት ነው ያን ሁሉ የጻፋችሁ?


ማራኪ ግቢ (ረቡዕ ማታ 2፡55)

እማማ፣ ኮርሱን እርስዎ ያስተምሩን 😄 ፈተና ላይ ሠርገኛ ብዬ ብጽፍ ግን መምህሩ ዜሮ ነው የሚሰጠኝ።


የአዘዞ ልጅ (ረቡዕ ማታ 4፡10)

ቀጠሮዋ ሐሙስ ሳምንት ነው፣ አብሬያት እገባለሁ፣ እሺ ብላኛለች። ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ቦታ ያለውን ወረቀትም ይዤ እሄዳለሁ። ያቺ ሐኪም ተሳስታለች ብዬ ነበር ትናንት፣ አሁን ግን ይበልጥ የጻፈችው እሷ መሰለኝ።

ደግሞ እህቴ በትከሻዬ በኩል ሆና ይሄን ሁሉ አንብባዋለች። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ የምትናደድ መስሎኝ። አምስቱን ባሕርይ ላይ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ድጋሚ አነበበችውና ሁለቱ የእኔ ናቸው፣ ትክክል ነው አለች። ከዚያ ጣቷን «ግትርነት» የሚለው ላይ አስቀምጣ «ይሄ ግን ያንቺ ነው፣ ቢያንስ መካከለኛ» አለችኝ።